ጎን ተቀምጦ የሚያወራው ልጅ

ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንዲት ጌም ቤት ነበረችን። ጌም ቤት ማለት ካልበዛባት ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባለ 14 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ። ዝናብ ሲጥል (ሚዛን ደግሞ መቼ ነው የማይጥለው?) የጌሙ ሙዚቃ ጨርሶ አይሰማም። የካሴቱ ሽፋን በሺህ የሚቆጠር ጌም አለኝ ይላል። ከፍተን ስንቆጥር ግን አሥራ ምናምን ነው፤ የቀረው ያው ሱፐር ማሪዮ በሌላ ስም።

ሳንቲም ያለው ይጫወታል፣ የሌለው ቆሞ ያያል። ከማይከፍሉት መሀል አንዱ ልጅ ግን ዝም ብሎ ማየት አይችልም ነበር። ያወራል። ማሪዮ እየዘለለ የሚሰበስበው ሳንቲም በእሱ አፍ እሸት ቡና ነው። ኤሊዎቹ የእርሻው ዘበኞች ናቸው። አረንጓዴው ቱቦ ከቡና ማጠቢያው የሚወጣው ቱቦ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ግንብ የቡናው መጋዘን፣ ልዕልቲቱ ደግሞ እዚያ ኪሎ የምትመዝነው ልጅ ናት። ማሪዮ ጉድጓድ ሲገባ በእናት ድምፅ "አይ ልጄ፣ ቦት ጫማህን አድርግ ብዬህ ነበር" ይላል። "ኮሜንታተር" ነበር የምንለው። እሱ ካልመጣ፣ ሳንቲማችንን በእጃችን ይዘን የጠበቅነው ጊዜ ሁሉ አለ።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን በተከታታይ ያየኋቸው የአድናቂ ፊልሞች ናቸው። የጌም ኩባንያዎች መለያ የሆኑትን ገጸ ባሕርያት፣ ማለትም ማሪዮን፣ ሶኒክን፣ ሜጋ ማንን፣ ኩባንያው ሳያዛቸው፣ አንድ ብር ሳያገኙበት ፊልም የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይለቀቃል። ብዙዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ግን ለምን እንደሚከብዱ ማሰብ ስጀምር ነገሩ ከራሴ አንድ ውድቀት ጋር ተያያዘ። ወደሱ እመጣለሁ።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ስም ኤዲ ሌብሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜጋ ማንን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄድ ሙሉ ፊልም አድርጎ ለቀቀ። ጌሙን ለማታውቁት፦ ካፕኮም በ1987 ያወጣው ሜጋ ማን ስድስት ጠላት ሮቦቶች ያሰልፍና "ከየትኛው ትጀምራለህ?" ብሎ ይጠይቅሃል። አንዱን ስታሸንፍ መሣሪያው ያንተ ይሆናል፤ ያ መሣሪያ ደግሞ ለሌላው ሮቦት መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ታሪክ ማለት ቅደም ተከተል ነው። እኔ በእሳቱ እጀምራለሁ፣ አንተ በበረዶው ትጀምራለህ፣ ማታ መንገድ ላይ እንከራከራለን። ፊልም ግን አንዱን መንገድ መርጦ ሌሎቹን መዝጋት አለበት። በኮድ ቋንቋ ስናገር፣ መረብ የነበረውን ነገር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያደርገዋል። ሌብሮንም ይህን አደረገ፤ ሌላ ምርጫም የለውም። ልፋቱን ከልቤ አከብራለሁ። ሳየው ግን እጄ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፣ እጄ የሚያውቀውን ነገር ዓይኔ አላገኘውም።

ያው ዳይሬክተር በ2013 አጭር የሶኒክ ፊልም ሠራ። እዚያ ላይ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል፦ በ1990ዎቹ ካርቱኖች ሶኒክን በድምፅ የሠራውን ጃሊል ዋይትን መልሶ አምጥቷል። በኮምፒውተር የተሠራው ሰማያዊ ጃርት የአቅሙን ያህል ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን አመንኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አካሉ ሳይሆን ድምፁ ነው ያሳመነኝ።

ስለ አካል ካነሳን የ2019ኙን ትርምስ ማን ይረሳል? ፓራማውንት የሶኒክን ማስታወቂያ ሲለቅ ጃርቱ የሰው ጥርስ አብቅሎ መጣ። ዓለም ጮኸ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በቀናት ውስጥ "እናስተካክላለን" አለ፤ ፊልሙ ከኅዳር ወደ የካቲት 2020 ተገፋ፤ ከሶኒክ ኮሚክስ ሠዓሊዎች አንዱ የነበረው ታይሰን ሄሲ የመልክ ጥገናውን መራ። ብዙ ሰው ይህን የአድናቂዎች ድል አድርጎ ያወራዋል። እኔ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። አድናቂው ያሸነፈው መልክ ላይ ነው። መልክ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዋናው ጉዳይ አልነበረም።

ማሪዮን ውሰዱ። ሺገሩ ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዶንኪ ኮንግ ሲሥለው የነበሩት ፒክሰሎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አፍ መሣል ስለማይቻል ጢም ሰጠው። ፀጉር መሣል ስለማይቻል ኮፍያ ደፋለት። ሲሮጥ እጁ ከሰውነቱ እንዲለይ ቱታ አለበሰው። ያ ሁሉ የምናውቀው መልክ የችግር መፍትሔ ነው፤ እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች በየቀኑ የምናደርገው "ለጊዜው እንዲህ ይሁን" ዓይነት ነገር። ታዲያ አንድ አድናቂ ተቀምጦ ጢሙን ፀጉር በፀጉር ሲሠራ ታማኝ የሆነው ለማሪዮ ነው ወይስ ለ1981 የማሽን አቅም? ማሪዮ ማለት ለእኔ ሌላ ነገር ነው፦ ሮጦ ሮጦ ድንገት ስታቆመው ወዲያው አለመቆሙ። ይንሸራተታል። ያቺ ትንሽ መንሸራተት፣ "ቆመ ወይስ ገባ?" የምትለዋ ግማሽ ሰከንድ፣ እሷ ናት ሰውዬው።

ይህን ያወቅሁት በከባዱ መንገድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ቴፒ ግቢ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የዘጠኝ ደቂቃ የማሪዮ ፊልም ጀመርን። የኮሜንታተርን ሐሳብ ነው የወሰድነው፤ ማሪዮ በቡና መሬት። ጓደኛዬ በስልኩ ቀረጸ፣ እኔ በብሌንደር የማሪዮን ጭንቅላት ልሠራና በተዋናዩ ልጅ ፊት ላይ ልገጥም ተነሳሁ። ሦስት ወር። አንዷን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ ላፕቶፔ አርባ ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ መብራት ይሄዳል። ሦስት ወር ሙሉ በጢም ላይ! ፊልሙ አላለቀም። ጓደኛዬም ተቀየመኝ፤ ልክ ነበር።

በቅርቡ ጥሬ ቀረጻውን አግኝቼ አየሁት። ቡናው በተሰጣባቸው አልጋዎች መሀል፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ የ10 ዓመት ልጅ ይሮጣል። "ቁም!" እንለዋለን። ቀዩ ጭቃ አይፈቅድለትም፤ ሁለት ክንድ ያህል ይንሸራተትና እጆቹን ዘርግቶ ይቆማል። ያኔ "ተበላሽቷል" ብለን ያስቀረነው ቀረጻ ነው። ካየኋቸው የማሪዮ ፊልሞች ሁሉ፣ የባለ ሚሊዮን ዶላሩንም ጨምሮ፣ ማሪዮን የመሰለው እሱ ነው።

ከዚያው ቀረጻ ውስጥ ግን ያሳፈረኝም አለ። ዘመኑን አስታውሱ፤ ጃንዋሪ 2018 ነው። የሶኒክ ጓደኛ የሆነውን ቀዩን ናክልስን አጭርና ድብልብል አድርጎ "ኡጋንዳዊ ናክልስ" ያለው ቀልድ ዓለምን ያጥለቀለቀበት ወር። አንዱ አኒሜተር ለሳቅ የሣለው ምስል ነበር፤ ሌላው ወደ ቪአርቻት የሚገባ ሞዴል አደረገው፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያን አካል ለብሰው፣ የአፍሪካ ነው ባሉት አነጋገር "መንገዱን ታውቃለህ?" እያሉ፣ ምላሳቸውን እያንቋቁ ሰው ይከቡ ጀመር። እኛ ዶርም ድረስ በሼርኢት ደረሰ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ስቄም አልቀረሁ፤ ተዋናዩን ልጅ "እስቲ እንደዚህ እያልክ ተናገር" አልኩት።

"ማንን ልምሰል?" አለኝ።

"ኡጋንዳዊ።"

"እኔ ኡጋንዳዊ አይቼ አላውቅም።"

ቀረጻው ላይ ከካሜራው ጀርባ ስስቅ እሰማለሁ። እሱ አይስቅም።

የዚያ ቀልድ ምንጭ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። በካምፓላ ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ራሱ በገጣጠማቸው ኮምፒውተሮች ፊልም ይሠራል። "ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?" የተሰኘው የ2010 ፊልሙ በኢንተርኔት ዝነኛ ሆነ። የናክልስ ቀልደኞች አነጋገሩን የወሰዱት ከዚህ ፊልም አፍቃሪዎች ነው። ፊልሙን አገኘሁና አየሁት። ምን ልበላችሁ! የፊልሙ ነፍስ ቪጄ ኤሚ የተባለው ተራኪ ነው፤ ከምስሉ ላይ ሆኖ ይቀልዳል፣ ተዋናዩን ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ራሱን ያስተዋውቃል። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች የውጭ ፊልም እንደዚህ እየተተረከ ነው የሚታየው፤ እኛም በአማርኛ የተተረኩ የህንድ ፊልሞችን እናውቃለን አይደል? ኮሜንታተርን እንደገና ያገኘሁት መሰለኝ። ካምፓላ ሰዎቹ በራሳቸው ሆሊዉድ ላይ እየሳቁ ነበር። ቀልዱ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ተራኪው ተቆርጦ ወጥቷል፣ የቀረው አነጋገሩ ብቻ ነው። (ከአራት ዓመት በኋላ በሁለተኛው የሶኒክ ፊልም የናክልስ ድምፅ የሆነው ኢድሪስ ኤልባ ነው፤ አባቱ ከሴራሊዮን፣ እናቱ ከጋና። አንዳንዴ ዓለም ሳታስበው ትክሳለች።)

ስም ከሰፈሩ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እኛ ቡና አካባቢ ያደግን ሰዎች አይጠፋንም። በ1930ዎቹ ከእኛው ደን የተለቀመ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ በተደረገ ውድድር ሲያሸንፍ ዓለም "ጌይሻ" ብሎ አጨበጨበለት። ጌሻን የጃፓን ሴት አደረጓት። ስለዚህ አንድ የቴፒ ልጅ የጃፓንን ማሪዮ ወስዶ ቡና ቢያስለቅመው ዕዳ ያለብን አይመስለኝም። ኩባንያዎቹ ግን እንደዚያ አያስቡም። ኒንቴንዶ በተለይ ጥብቅ ነው፤ "የዘመን ጀግና" የተባለው የዜልዳ የአድናቂ ፊልም በታኅሣሥ 2009 ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ወሩ ሳያልቅ ከኩባንያው ጋር በተደረሰ ስምምነት ወርዷል። ሴጋ ሻል ይላል፤ የአድናቂ ጌም ይሠራ የነበረውን ክርስቲያን ዋይትሄድን ቀጥሮ በ2017 ሶኒክ ማኒያን አውጥቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ማስኮትን ያለ ፈቃድ ወስዶ ፊልም በማድረግ ለዚህ የሚቀርበው ሥራ የሚጌል ያንሶ ነው። ስፔናዊ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ኖሮ፣ ከኢትዮጵያውያን ተዋንያን ጋር ነው የሠራው። በ2015 "ክራምብስ" ውስጥ ዓለም ካበቃች በኋላ የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት እንደ ክታብ ዋጋ ያወጣል፣ ለማይክል ጆርዳን ይጸለያል። እኔን የነካኝ ግን የ2019ኙ "ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ" ነው (መንገዱ እዚህም መጣ)። ዳንኤል ታደሰ የሚሠራው ሰላይ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ሲገባ፣ ያንሶ ሦስት ወር ብሌንደር ላይ አልተቀመጠም። ተዋንያኑን የታዋቂ ሰዎች ፊት የታተመበት ወረቀት አጠለቀላቸውና እንቅስቃሴያቸውን በተቆራረጡ ፍሬሞች ቀረጸ። ሰዎቹ ኔትወርክ እንደተቆራረጠበት ጌም እየዘለሉ ይሄዳሉ። የወረቀቱ ጠርዝ ይታያል። ቤቱ ባትማንን የመሰለ ገጸ ባሕርይም አለው፤ ስሙን ባትፍሮ ብሎታል። ፊልሙ በታሪክ ደረጃ የተዝረከረከ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ጠፍቶኛል። ቢሆንም የጌም አካል ምን እንደሚመስል የተረዳ ሰው ሥራ ነው። እኔ ያን ፊልም በ2010 ዓ.ም. ባየው ኖሮ የማሪዮን ፊት በካርቶን ላይ ሥዬ በላስቲክ አስሬለት፣ በሳምንት እንጨርስ ነበር።

አሁን ልንጨርሰው ነው። ጓደኛዬ ታርቆኛል። የብሌንደሩን ሥራ ጣልነው፤ የናክልሱንም ቀረጻ። የተንሸራተተው ልጅ ገባ። የቀረን ድምፅ ነው፤ ለድምፁ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የታየኝ። ኮሜንታተር አሁን ሚዛን ባጃጅ ይነዳል። ደወልኩለት። ስለ ካምፓላው ተራኪ፣ ስለ ያንሶ ወረቀት፣ የአድናቂ ፊልም ሁሉ ያጣው ነገር የእሱ ዓይነት ድምፅ እንደሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ።

"ያኔ እኮ የማወራው ሳንቲም ስለሌለኝ ነበር" አለኝ። "ዝም ብዬ ከቆምኩ ባለቤቱ 'ውጣ' ይለኛል። ካሳቅኳችሁ ይተወኛል። አንድ ቀን እንኳ ማሪዮን ተጫውቼው አላውቅም።"

የምለው ጠፋኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አብረን አሳለፍን፤ አንድም ቀን ጆይስቲኩን "እንካ" ብዬው አላውቅም።

"ለገና ትመጣለህ አይደል?" አለ ከኋላው የተሳፋሪ ድምፅ እየተሰማ። "ጌሙን ይዘህ ና። መጀመሪያ ልጫወትና ከዚያ እናያለን።"

መርካቶ ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ። ጆይስቲኩ ተገኝቷል፤ ካሴቱ ነው ያልተገኘው።