«ኩዚ ጉኒ»፦ የወንድም ዕዳ የት ገባ?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲይዝ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከከብት መልስ እግራችንን ሳንታጠብ፣ ጅጋ ውስጥ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት በር ላይ እንኮለኮል ነበር። ከቱርኮቹ ድራማዎች አንዱ «ኩዚ ጉኒ» ነው። ዘንድሮ ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ከጓደኛ በፍላሽ ገልብጠን፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነን፣ እንደገና አየነው። ያን ጊዜ አስለቅሶን ነበር፤ አሁን ግን አበሳጨን። ለምን እንዳበሳጨን ሳንሸፋፍን እንጻፍ።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። የድራማው መነሻ እጅግ ያማረ ነው። ሳሚ የሚባል ቁጡ ዳቦ ጋጋሪ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ስማቸው በቱርክኛ ሰሜንና ደቡብ ማለት ነው፤ በአማርኛው ኩዚና ጉኒ ተብለዋል። አንዱ ለጦር ትምህርት ቤት፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጃሉ። ሁለቱም ጀምሬ የምትባል የሰፈራቸውን ልጅ ይወዳሉ። አንድ ሌሊት በመኪና ሲሄዱ ሰው ይገጫል። መሪውን የያዘው ጉኒ ነው። ነገር ግን ኩዚ «እኔ ነኝ» ብሎ ወንጀሉን ይሸከማል። ኩዚ አራት ዓመት እስር ቤት ይገባል፤ ጉኒ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ለአንድ ደራሲ ከየት ይመጣል?

እኛ ይህን ስናይ ኢስታንቡል አልታየንም፤ የታየን የየራሳችን ቤት ነው። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ከአንድ ቤት ሁሉም ልጅ አይማርም። አንዱ ደብተር ሲይዝ ሌላው ሞፈር ይይዛል። በርበሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ገንዘቡ ለማን የቤት ኪራይ እንደሚላክ እናውቃለን። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የወደቀውም ያለፈውም በዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። ለእነሱ ብሎ ከትምህርት ገበታ የቀረው ወንድም ወይም የቀረችው እኅት ግን በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የሉም። «ኩዚ ጉኒ» ይህን ያልተቆጠረ ሰው ስም ሰጥቶ፣ ፊቱን አሳይቶ ነበር የጀመረው።

ታዲያ ምን ሆነ? ድራማው ያነሣውን ጥያቄ መሸከም አቃተው። በቱርክኛው 80 ክፍል ነው፤ ይህ ሁሉ ጊዜ በአመዛኙ የሚያልፈው ጀምሬን ማን ያገኛል በሚለው ሽኩቻ ነው። የእስሩ ምስጢር አልፎ አልፎ ይነሣል፤ አዎ፣ አንክድም። ግን የሚነሣው ባላንጣ ለመምቻ እንደሚያገለግል ዱላ ነው። ዱላው ከተወረወረ በኋላ ሁሉም ወደ ቅናቱ ይመለሳል። ጉኒ ደግሞ ባኑ የምትባል የባለጸጋ ልጅ ያገባና ድራማው ከዳቦ ቤቱ ወጥቶ ወደ ኩባንያ፣ ወደ ሽጉጥና ወደ ሠርግ ይሰደዳል። ዩኒቨርሲቲውስ? እንዲያው የስም ጌጥ ሆኖ ቀረ። የአንድ ሰው አራት ዓመት የተከፈለበት ትምህርት ጉኒን ምን እንዳስተማረው፣ ምን እንደለወጠው አልተረዳንም። ዋጋው ታይቶ ዕቃው ያልታየበት ገበያ ሆነብን።

ስለ አማርኛው አንድ ቃል እንበል። ድምፅ የሰጡት ባለሙያዎች ደክመዋል፤ አንዳንዴ ቱርክ መሆናቸውን እስክንረሳ ድረስ ተሳክቶላቸዋል። ለጆሯችን ግን ዳቦ ጋጋሪውም ባለኩባንያውም ያው ለስላሳ የአዲስ አበባ አማርኛ የሚናገሩ መሰለን። የመደብ ልዩነት ያለበት ታሪክ በአንድ ዐይነት አነጋገር ሲነገር ልዩነቱ ግማሹ ይጠፋል።

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ እርሻውን የያዘ ሰው ነው። ጥቂት ማታ አብሮን አየ። ከዚያ አንድ ማታ መሀል ላይ ተነሥቶ ወጣ። «ጋሼ፣ አልጣመህም እንዴ?» ብንለው፣ «የልጅቱን ነገር እናንተው ጨርሱት። እኔ የምጠብቀው ያ የተማረው ልጅ ታስሮ ለወጣው ወንድሙ ምን እንደሚለው ነበር። እሱን ትተውታል» አለን። በነጋታው ገና ሳይነጋ በሬ ሊጠምድ ሄደ። የተማረው ወንድሙ ተኝቶ ነበር።

«ኧረ ተዉ፣ ሰው የሚያየው ለመዝናናት ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ቃና ሲጀምር ደግሞ ብዙ የአገራችን ኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የውጭ ድራማ የአገሩን ሥራ ያጠፋል ብለው ተቃውመው ነበር። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ድራማው ያሳዘነን የውጭ በመሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን፣ ናታውት ፑንፒሪያ ያዘጋጀውን «ባድ ጂኒየስ» የተባለ የታይላንድ ፊልም ያየ ሰው ይመስክር። እዚያም ተማሪዎች፣ ጓደኝነትና የፍቅር ጭላንጭል አሉ። ጎበዟ ሊን ለባለጸጋ ጓደኞቿ የፈተና መልስ ትሸጣለች፤ ከልብስ አጣቢ ቤት የወጣው ባንክም በኋላ ይገባበታል። ፊልሙ ልብ አንጠልጥሎ ያዝናናል። ነገር ግን «የሀብታሙን ልጅ ዩኒቨርሲቲ በማን ጭንቅላት ነው የሚገዙለት?» ከሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አይሸሽም። የእኛው ጎጃሜ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር ከባላባትና ከድኻ ልዩነት ነጥለው አላዩትም። ፍቅሩ የሚያንገበግበን ዋጋው ስለሚታወቅ ነው። መዝናናትና ቁም ነገር ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው ሰነፍ ደራሲ ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ልጆች ሳለን በየበሩ ተኮልኩለን «ጀምሬ የኩዚ ናት!» «የለም፣ የጉኒ ናት!» እያልን ስንጨቃጨቅ፣ ስለዚያ እስረኛ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ዛሬ በዚህ ግቢ ስንቀመጥ ግን አብዛኞቻችን የጉኒን ቦታ የያዝን መሆናችን መሸሸጊያ የለውም። በእኛ ፈንታ የቀረ ሰው አገር ቤት አለ። ብዕር ያላችሁ የግቢያችን ልጆች፣ የሚቀጥለውን የፍቅር ታሪክ ስትጽፉ ጓደኛሞቹን ካፌ ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ የሻዩን ሂሳብ ከየት እንዳመጡት ጠይቁልን።