ብርዱን አትቁረጠው

ባለፈው ወር አጠገቤ ሆኖ ኤዲቲንግ የሚማር ልጅ፣ ሁለት መርማሪዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ተጠርጣሪ የሚጠብቁበትን ትዕይንት እየቆራረጠ፣ «ጋሼ፣ ይሄ አይጎትትም? ላሳጥረውና ከስር ሙዚቃ ላስገባበት?» አለኝ። የዘመኑ ዘዴ ይኸው ነው፤ ዝም ያለ ቦታ ከተገኘ ወይ ይቆረጣል ወይ በከበሮ ይሞላል። እኔ አልስማማም። ወደፊትም አልስማማም።

ሥራውን አስቁሜ በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዊልያም ፍሪድኪንን «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» ከፈትኩለት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ብሩክሊን ውስጥ መኪና ከላይ የሚሄደውን ባቡር ስለሚያሳድድበት ትዕይንት ነው። እሱም ቢሆን ሙዚቃ የለበትም፤ የጎማ ሲጥታ፣ ጥሩምባና የባቡሩ ድምፅ ብቻ። ኤዲተሩ ጄራልድ ግሪንበርግ በዚህ ፊልም ኦስካር ወስዷል። እኔ ብሸልመው ግን ለሌላ ቦታ ነበር። የዕፅ ነጋዴው ሻርኒዬ ሞቅ ያለ ምግብ ቤት ገብቶ ተደላድሎ ይበላል። መርማሪው ዶይል ከመንገዱ ማዶ ብርድ ላይ ቆሞ ፒዛ ይገምጣል፤ ቡናው አይጠጣም። ሌላ ምንም የለም። ግሪንበርግ ከሙቀቱ ወደ ብርዱ፣ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ እያመላለሰ ያቆየናል። በኋላ ዶይል እንደ እብድ ሲነዳ የሚገባን፣ እግሩ ሲደነዝዝ አብረነው ስለቆምን ነው። ያን ብርድ ቆርጠህ ብትጥለው የሚተርፍህ የመኪና ሩጫ ነው።

ዶይልና ባልደረባው ሩሶ የተቀዱት ከኒውዮርክ መርማሪዎች ከኤዲ ኢጋንና ከሰኒ ግሮሶ ነው፤ ሁለቱም ፊልሙ ውስጥ ሌሎች ገጸ ባሕርያትን ሆነው ተጫውተዋል። በእውነት ቆመው የጠበቁ ሰዎች አጠገቡ ስለነበሩ ይመስለኛል ፊልሙ መጠበቅን የማይንቀው።

እኔ መጠበቅን ያወቅሁት ከአባቴ ነው፤ የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበር። እራት ሳደርስለት ከባልደረባው ጋር እሳት ዳር አገኛቸዋለሁ። አይነጋገሩም። አንዱ እንጨቱን ገፋ ሲያደርግ ሌላው ጋቢውን ይሰበስባል፤ ውሻ ሲጮኽ ሁለቱም እኩል ቀና ይላሉ። ሠላሳ ዓመት በኤዲቲንግ ሥራ ስኖር በእያንዳንዱ የባልደረቦች ትዕይንት የምፈልገው ያን እኩል ቀና ማለት ነው። ያ ባልደረባው ሞቶ ሌላ ዘበኛ ሲተካ፣ አባቴ እስኪነጋ ሲያወራለት አደረ። እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ልጁ የጣለውን አርባ ሰከንድ መለሰው። አንደኛው መርማሪ ጉም የለበሰውን መስታወት በእጅጌው ሊወለውል ሲል፣ ሌላው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጨርቁን ያቀብለዋል።