ለጣሪያው ማን ያዋጣል?

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የወርሃዊ መዋጮ ነገር ሲነሳ ወሬው የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። ሰብሳቢው “እንግዲህ ስንት ይሁን?” ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ከኋላ “እነ ብሎክ 12 ሁለት መቶ ነው የሚከፍሉት” ይላል። ሌላዋ “ኧረ ጡረተኛም አለ፣ እንተሳሰብ እንጂ!” ትላለች። ሦስተኛው ሰዓቱን ያያል። ከዚያ “በቃ ሦስት መቶ ይሁን” ይባልና ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። እኔም ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝና ጭብጨባውን አውቀዋለሁ።

ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ ጎረቤት ተወራ፣ ስለ ኪሳችን ተወራ። ሕንፃው ምን እንደሚፈልግ ግን ማንም አልጠየቀም። ይሄ ግምት አይባልም። ዋጋ ሳይጠይቁ ገበያ እንደ መውጣት ነው።

መቼም ነገሩ አዲስ ስለሆነብን ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የግቢ ኑሮን ነበር። ቆርቆሮው ካፈሰሰ ባለቤቱ መሰላል አቁሞ ይወጣል፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ “ቀበሌ ያድስ” ይባላል። ኋላ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባለ ሕንፃው በዛ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የውሃ መስመሩን የጋራ አድርጎ፣ አስተዳደሩን ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጠ። የጣሪያው ባለቤት ሁላችንም ሆንን። ሁላችንም የተባለ ነገር ደግሞ ስንት ጊዜ ባለቤት እንዳጣ እናውቃለን።

ታዲያ መዋጮውን የምንተምነው በምናውቀው መንገድ ነው፤ በእድር መንገድ። እድር ትልቅ ነገር ነው፣ አላማውም። ሁሉም እኩል ይከፍላል፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ግን እድር የተሠራው መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ ነገር ነው። ሕንፃ እንደዚያ አይደለም። አሸንዳው እንደሚበሰብስ፣ የውሃ ፓምፑ እንደሚደክም፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ገና ቁልፍ የተረከብን ቀን እናውቃለን። ቀኑን ባናውቅ እንኳ ዓመቱን መገመት አያቅተንም። ይህን እያወቁ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሲያፈስ “ድንገተኛ መዋጮ” ብሎ በር ማንኳኳት ምን ይባላል?

እስቲ በወረቀት ላይ እንሞክረው። ቁጥሮቹን የወሰድኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ብቻ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩባቸው። 40 ቤት ያለው ብሎክ ነው እንበል። በየወሩ የሚወጣው፦ ለሁለት ጥበቃ 12,000፣ ለጽዳት 4,000፣ ለጋራ ቆጣሪ መብራት 1,000፤ ድምር 17,000 ብር። ለ40 ሲካፈል 425 ብር ነው። ሦስት መቶው እዚህችው ላይ አለቀ።

በዓመት የሚወጣ አለ። ፍሳሽ ማስመጠጥ፣ ታንከር ማጠብ፣ የተሰበረ መስታወትና ቧንቧ። 48,000 ብር ቢሆን በወር 4,000 ነው፤ በቤት 100 ብር። በየጥቂት ዓመቱ የሚወጣ ደግሞ አለ። በአምስት ዓመት የሚቀየር የ120,000 ብር ፓምፕ በወር 2,000፣ በአሥር ዓመት የሚመጣ የ600,000 ብር የጣሪያና የአሸንዳ ሥራ በወር 5,000 ብር ይፈልጋል። በቤት 175 ብር መሆኑ ነው። ሁሉም ሲደመር በወር 28,000 ብር፣ በቤት 700 ብር። ከ40ው አምስቱ የማይከፍሉ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ለ35 ይካፈልና 800 ብር ይገባል። የማይከፍል ሰው የለም ብሎ መገመት ደግሞ ምኞት ነው።

“ኧረ ሰባት መቶ ከየት ይመጣል? ለደሃው እዘኑለት” የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም የምከራከረው ለእሱው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ጡረተኛ እናት አስቡ። ለጣሪያው በየወሩ 125 ብር ቢያስቀምጡ በአሥር ዓመት 15,000 ብር ይሆናል። ካላስቀመጡ ግን ያንኑ 15,000 ብር በአንድ ክረምት አምጡ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ሽሮና በርበሬያቸውን ቆጥበው ይወጡታል። ሁለተኛውን ግን ያለ ልጅ እርዳታ ወይም ያለ ብድር አይችሉትም። ውሃው የሚወርደውም መጀመሪያ እሳቸው አልጋ ላይ ነው። ለደሃ አዝነን ዝቅ ያደረግነው መዋጮ ዞሮ ዞሮ የሚመታው ደሃውን ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቤቱን ሸጦ ወይም አከራይቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ስለ ማከራየት ካነሳን አይቀር፣ ስብሰባ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው። ተከራይ ለጥበቃና ለጽዳት ይክፈል፣ ይገባዋል። የዛሬ ስምንት ዓመት ለሚቀየር ጣሪያ እንዲያዋጣ ግን በምን አንጀቱ እንጠይቀዋለን? ያ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ “መዋጮ” ማለት ተከራዩን ያስኮርፋል፣ ኪራይ ተቀባዩንም ይደብቃል። የንግድ ቤቱና ስቱዲዮው እኩል ይክፈሉ ወይስ እንደ ስፋታቸው የሚለው ጥያቄም በጭብጨባ ሳይሆን በሂሳብ መታየት አለበት።

ደግሞ አንዴ የተገመተ ለዘላለም አይሠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ አይተናል። ከውጭ የሚገባ ፓምፕ በድሮው ዋጋ አይጠብቀንም። ሊፍት ያላቸው የ40/60 ሕንፃዎች ደግሞ ከእኛ የባሰ ሂሳብ አለባቸው። ስለዚህ ግምቱ በየዓመቱ ይከለስ።

አባባላችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ “ስንት ይሁን?” ሲባል ማንም ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። በወር ምን ይወጣል? በዓመት ምን ይወጣል? የሚያረጀው ምንድን ነው፣ ስንት ዓመትስ ቀረው? መልሱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ደረጃው ሥር ይለጠፍ። የጣሪያው ገንዘብም ከጥበቃው ደመወዝ ተለይቶ በራሱ የባንክ ደብተር ይቀመጥ። ሰው የሚሸሸው የብሩን መጠን ብቻ አይምሰላችሁ። የት እንደሚገባ የማያውቀውን ብርም ይሸሻል።