ያልተፈለፈለው እንቁላል ይመስክር

ዶሮ አስታቅፎ ጫጩት ማውጣት በይፋት ቆላ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ሙያውን የሚመዝን ሰው ግን የሚጠይቀው ስንት ፈለፈለች ብሎ ብቻ ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው የቀረውን እንቁላል ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በወጣው የፖኬሞን ቪዲዮ ጨዋታ ላይ እንቁላል የሚገኘው ወንድና ሴት ፍጡራንን ለአሳዳጊ በመተው ነው። ተጫዋቹ እንቁላሉን ይዞ የተወሰነ እርምጃ ከተራመደ ሁልጊዜ ይፈለፈላል። የእውነቱ እንቁላል እንዲህ አይደለም፤ ጥበቡም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ይዩት። ሕያው ከሆነ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ተዘርግተው ይታያሉ። ጥርት ብሎ ባዶ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ አውራ ያልነካው ነው፤ ታቃፊዋ አትወቀስበትም። የደም ቀለበት ብቻ የቀረበት ግን ጽንሱ ጀምሮ ሞቷል። ለቆላ ሰው ትልቁ ምስክር ይህ ቀለበት ነው።

የይፋት ቆላዋ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋው ማብቂያ ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጽንስ በደንብ ለማደግ 37.5 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ27 ካለፈ ግን ዶሮ ሳትታቀፈውም ዝግ ብሎ ማደግ ይጀምራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይቆማል፣ ቀን ደግሞ ይነሳል፣ እንዲህ እያለ ደክሞ ይሞታል። ስለዚህ ዶሮዋ ከመቀመጧ በፊት እንቁላሉ የት ነበር? ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከነበረ ጥፋቱ የዶሮዋ አይደለም። ጓዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ወለል ላይ፣ ከሳምንት ሳይበልጥ የቆየ እንቁላል ያስታቀፈች ሴት ግን ሥራዋን ግማሽ ጨርሳለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ቀዝቀዝ ያለ ወቅት የመረጠች ደግሞ የበለጠ ባለሙያ ናት።

ሙያዋ በአውራው ምርጫም ይታያል፤ አንገቱን ይመልከቱ። መላጣ የሚባለው አንገቱ ላባ የሌለው ዶሮ ሙቀትን ይችላል፤ ለቆላ እሱን እመርጣለሁ። አንገቱ ፊት ለፊት ላይ ጉንጉን ላባ የቀረበት አውራ ባሕርይውን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ነው። ላባ ባላት ዶሮ ሲራባ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ መላጣ ይሆናሉ። ፈጽሞ የተላጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ያወርሳል። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ እንቁላል ጣይ ዶሮ እንቁላል ማስታቀፍ ከንቱ ነው፤ በእርባታው አውራ አይኖርም።

በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ በአንድ ቀን ውስጥ ተከታትለው ከወጡ ሥራው ጥሩ ነው። በሦስት ቀን ተበታትነው ከወጡ እንቁላሉ ዕድሜው የተለያየ ነበር፣ ወይም ታቃፊዋ እየተነሳች ትታው ነበር። እምብርቱ ያልተዘጋ ጫጩት በቁጥር መካተቱ አያኮራም። ቅርፊቱን የሰነጠቀ ጫጩት ሲዘገይ ደግሞ በእጅ አይግለጡት፤ የደም ሥሩ ገና አልደረቀም።

ላባ አብቅሎ ቅርፊቱ ውስጥ የሞተ ካለ ዶሮዋን ወይም የተቀመጠችበትን ይመርምሩ። ስለዚህ የቀረውን እንቁላል ሰብረው ሳያዩ አይጣሉት።