«ባለሙያ ብሏል» ብቻውን መልስ አይሆንም

ባለፈው ተርም ለማታ ተማሪዎቼ ካወጣሁት ፈተና ልጀምር። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷል የሚባለው የክንዱ ዙሪያ ከስንት በታች ሲሆን ነው?» መልሱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። አብዛኛው ተማሪ አገኘው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለባትን መለኪያ በየብሎኩ የማያውቃት እናት የለችም። አንዲት የሦስት ልጆች እናት የሆነች ተማሪዬ ግን ቁጥሩን በትክክል ከጻፈች በኋላ ከሥሩ «ግን ይህን ማን ወሰነው?» የሚል ጨመረችበት። እኔም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ሁለት ነጥብ ቀነስኩባት። «ያልተጠየቀ አይጻፍም» ብዬም በቀይ እስክሪብቶ አሰፈርኩበት።

ወረቀቱን ስመልስ ቀረብ ብላ፣ «ቲቸር፣ ይቅርታ አድርግልኝና የጠየቅኩት ለነገር አይደለም» አለችኝ። «ከዓመታት በፊት ትንሹ ልጄ ሲለካ 11.6 ወጣ። ቢጫ ነው፣ ቀይ አልገባም፣ ወስደሽ መግቢው ተባልኩ። ምን አለኝና ነው የምመግበው? በሁለተኛው ሳምንት ቀይ ገብቶ አልጋ ያዘ። እግዜር ይመስገን ተርፏል። ግን ያቺን መስመር እዚያች ቦታ ላይ ማን እንዳሰመራት ማወቅ እፈልጋለሁ።» እኔም «የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች» አልኳት። «እሱንማ ለፈተናው አጥንቼዋለሁ» ብላኝ ሄደች።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እሷ ተናግራለች፤ መልስ ያጣሁት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ የባዮሎጂ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ይህ ሂስ የካምፓችንን ጤና ሠራተኞች ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። ሂሴ «የባለሙያ መስፈርት» የሚባለው ነገር በምርምርና በሕክምና እንዴት እንደሚሠራበት፣ እኛ መምህራን ደግሞ እንዴት አድርገን እንደምናስተምረው ነው።

በመጀመሪያ የተማሪዬን ጥያቄ ልመልስ። ባለቀለም የክንድ መለኪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሻኪርና ሞርሊ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ካስተዋወቋት በኋላ ነው። ያኔ ቀዩ ከ12.5 በታች ነበር። ስሌቱም የልጁ ክንድ ከጤናማ ሕፃን ልክ ምን ያህል ጎደለ የሚል ነበር። በኋላ ጥያቄው ተለወጠ፤ የመሞት አደጋ ያንዣበበበት የትኛው ልጅ ነው ተባለ። እንደ ባንግላዴሽ ባሉ አገሮች ሕፃናትን እየለኩና እየተከታተሉ በተደረጉ ጥናቶች ክንዱ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ሞት እንደሚጨምር ታየ። የቀዩ መስመር ለዓመታት 11.0 ሆኖ ከቆየ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 11.5 ከፍ አደረጉት።

እንግዲህ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሁለት ነገር አለበት። አንደኛው መረጃ ነው፤ ክንድ ሲቀጥን ሞት ይጨምራል። ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ መስመሩን ከፍ ብናደርግ ብዙ ልጅ ይታከማል፣ ምግቡና ሠራተኛው ግን ላይበቃ ይችላል። ዝቅ ብናደርግ ወጪው ይቀንሳል፣ ልጆች ግን ያመልጡናል። አደጋው በ11.4 እና በ11.6 መካከል ድንገት ብድግ አይልም፤ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። በዚያ ላይ አንድን ልጅ ሁለት ሰው ሲለካው በጥቂት ሚሊ ሜትር መለያየት ያለ ነው። ይህን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ቢጫ ውስጥ ካሉት መካከል ከ11.5 እስከ 11.9 ያሉት ልጆች የበለጠ አደጋ ካለባቸው ተቆጥረው ቅድሚያ እንዲያገኙ መክሯል። የተማሪዬ ልጅ 11.6 ነበር። እናቲቱ በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈችው ጥያቄ ትልልቆቹ ባለሙያዎችም የጠየቁት ነው ማለት ነው። እኔ ግን ነጥብ ቀነስኩበት።

እስካሁን ያልኩት ጥሩውን ምሳሌ ነው፤ መስፈርቱ ተጠንቶ፣ ተፈትሾ፣ ሲያስፈልግ የተሻሻለበት። ባለሙያዎች ተስማምተውበት ሳይፈተን የቆየ ነገርስ ምን ያመጣል? ለዚህ ከምሥራቅ አፍሪካችን የተሻለ ምስክር የለም።

ብርቱ ትኩሳት ይዞት፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ የልብ ምቱ ፈጥኖ ሆስፒታል የደረሰን ሕፃን አስቡ። ሐኪሞች «ሾክ» ይሉታል፤ ደም ወደ ሰውነቱ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው። በሀብታም አገሮች ለዓመታት የተለመደው ሕክምና እኛ በተለምዶ «ግሉኮስ» የምንለውን ዓይነት ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ነበር። ነገሩም ለአእምሮ ይቀላል፤ ደም ካነሰ ፈሳሽ ጨምር። የዓለም መመሪያዎችም ይህንኑ ያዙ። ችግሩ ልማዱ የተወለደው መተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት አገር መሆኑ ነው። ወባና ደም ማነስ በበዛበት፣ አንዲት ነርስ ብዙ ልጅ በምታይበት ሆስፒታል በትልቅ ጥናት የፈተነው አልነበረም።

ፊስት የሚባለው ጥናት ይህን ፈተነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ባሉ ስድስት ሆስፒታሎች በፕሮፌሰር ካትሪን ሜይትላንድ መሪነት ተሠራ። ሕፃናቱ በዕጣ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ቡድን የጨው ፈሳሽ በፍጥነት፣ ሁለተኛው አልቡሚን የተባለ ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠው። ሦስተኛው ያለ ፈጣን ፈሳሽ በሌላው የተለመደ ሕክምና ተረዳ። ብዙዎች የጠበቁት ፈሳሽ ያገኙት ይበልጥ ይተርፋሉ ብለው ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈጣን ፈሳሽ ካገኙት በሁለቱ ቡድኖች ከመቶ 10.6 እና 10.5 ሲሞቱ፣ ካላገኙት ከመቶ 7.3 ሞቱ። 3,600 ሕፃናት ሊሳተፉበት የታቀደው ጥናት 3,141 ላይ እንዲቆም ተደረገ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ።

አስቡት እንግዲህ። ከመቶ ሕፃን ሦስት ያህል ልዩነት ነው። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ያመኑትን፣ የተማሩትን፣ መጽሐፉ ያዘዛቸውን ነው የሠሩት። ሁሉም ተስማምቶ ነበር፤ ስምምነት ግን ማስረጃ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ያለዚያ ጽሑፌ ጉዳት ያመጣል። ጥናቱ በተቅማጥ ውሃ ያለቀባቸውንና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱትን ሕፃናት አልጨመረም። «ግሉኮስ ይገድላል ተብሎ ተጽፏል» ብሎ ልጁን ከሐኪም የሚያርቅ ሰው ጽሑፌን አላነበበም ማለት ነው። በተቅማጥ ለተዳከመ ልጅ ፈሳሽ ሕይወት ነው።

ከጥናቱ በኋላ የመጣው ክርክር ደግሞ ቀጥታ ወደ ርዕሳችን ይወስደናል። አንዳንድ ባለሙያዎች «እነዚህ ልጆች በመስፈርቱ መሠረት እውነተኛ ሾክ አልነበረባቸውም» አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ሦስት ምልክት አብሮ ይጠይቃል፤ የእጅ መቀዝቀዝ፣ የደካማና ፈጣን የልብ ትርታ፣ ጥፍር ተጭነው ሲለቁት ደሙ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆይቶ መመለሱ። አጥኚዎቹ ሲቆጥሩ ሦስቱንም ያሟሉት 65 ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ከእነሱም ፈሳሽ ካገኙት 50 ውስጥ 24፣ ካላገኙት 15 ውስጥ 3 ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥበትም። ግን አንድ ነገር ያሳየናል፤ በባለሙያ የተሠራ መስፈርት እውነትን ለመፈለጊያ መብራት መሆን ሲገባው፣ አንዳንዴ የማይፈለገውን ውጤት መግፊያ በር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በግልጽ ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ሦስቱን ምልክት ያላሟሉ ልጆች ፈጣን ፈሳሽ እንዳይሰጣቸው፣ ላሟሉትም ቀስ ተብሎ እንዲሰጥ። አምስት ዓመት ነው መካከሉ። ለሕፃን አምስት ዓመት ዕድሜ ልኩ ነው።

ድርጅቱም ቢሆን ከትችት አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦክስማንና ሁለት ባልደረቦቹ በላንሴት ባሳተሙት ጥናት፣ የድርጅቱ ምክሮች ሲዘጋጁ በተሰበሰበ ማስረጃ ላይ ሳይሆን በብዛት በተመረጡ ባለሙያዎች አስተያየት ላይ እንደሚደገፉ አሳዩ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ መመሪያዎቹን የሚፈትሽ ኮሚቴ አቋቋመ። ይህን የማነሳው ለማሳጣት አይደለም። ተወቅሶ የሚታረም ተቋም፣ ተወቅሶ ከሚቆጣ ተቋም ይሻላል ለማለት ነው።

ስደተኛን የሚመለከት ሌላ መስፈርት ላንሳ። ከመካከላችን ብቻውን ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ የገባ ልጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ልጁ «17 ዓመቴ ነው» ሲል በአንዳንድ አገር እጁን ራጅ ያነሱታል። አጥንቱን ግሩሊችና ፓይል እ.ኤ.አ. በ1950 ካሳተሙትና በ1959 ካደሱት አትላስ ጋር ያስተያዩታል። አትላሱ የተሠራው በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በደህና ኑሮ ካደጉ ነጭ ልጆች ራጅ ነው። ዓላማውም የአጥንት እድገትን መከታተል እንጂ የልደት ቀን መፈለግ አልነበረም። ጤናማ ልጆች እንኳ በአንድ ዕድሜ ላይ ሆነው አጥንታቸው በአንድና በሁለት ዓመት ሊለያይ ይችላል። በ17 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት ግን ለስደተኛ ልጅ ትምህርት ቤት መግባትና አለመግባት ነው። መጽሐፉ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ለማይሆን ሰውና ለማይሆን ጥያቄ ያዋለው ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህን ካስተማርን ተማሪው ሐኪም ማመን ይተዋል» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ በገባ ጊዜ የስንቱን ወሬ ሰማን! «ባለሙያ ምን ያውቃል» የሚለው አፍ «ባለሙያ ብሏልና ዝም በል» ከሚለው አይሻልም። ሁለቱም ጥያቄን ይገድላሉ። በእኔ እምነት ሰው ባለሙያን የሚያምነው ባለሙያው እንዴት እንዳወቀ ሲገባው ነው። በፊስት የታየውን ስህተትም ያወቁት ወሬኞች አይደሉም፤ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ እዚሁ አካባቢያችን ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች ሌሊት ተረኛ ሆነው እየመዘገቡ።

ስለዚህ በሳይንስ ክፍላችን መስፈርት ባስተማርን ቁጥር ሦስት ጥያቄ እንጨምር እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ መስፈርት የተሠራው በማን ላይ ተለክቶ ነው? ሁለተኛ፣ ተፈትኗል ወይስ ተስማምተውበት ብቻ ነው? ሦስተኛ፣ መስመሩ ሲሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ ላብራቶሪ አይጠይቅም። አንድ ክር ሰጥታችሁ የአንድን ተማሪ ክንድ አሥር ተማሪ በየተራ ይለካው። አሥሩን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉና ልዩነቱን ራሳቸው ይዩት። በእኔ ክፍል ሞክሬዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ማታ የሞቀ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ለተማሪዬም ዘግይቼም ቢሆን ሁለት ነጥቧን መልሼላታለሁ። በቀይ የጻፍኩትን ግን መሰረዝ አልቻልኩም፤ ወረቀቱ ላይ አለ። «ይቅር፣ ለማስታወሻ ይሁነን» ብላ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። የሚቀጥለው ተርም ፈተና ላይ «ይህን ማን ወሰነው? በምን ማስረጃ?» የሚል ጥያቄ ይኖራል፤ ከወዲሁ ተዘጋጁ።