በቅርቡ ስላየናቸው ቴአትሮችና ስለ ተመልካቹ ሣቅ

ከቦሌ ቡልቡላ ተነሥቶ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ድረስ መሄድ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም፤ ቴአትሩ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚመልስ ታክሲ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ የሠፈሩ ጀማሪ ተዋንያን በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ቴአትር ማሳየት መጀመራቸውን ስንሰማ ደስ ብሎን ሄድን። አውሮፕላን ባለፈ ቍጥር የተዋናዩ ንግግር መዋጡን፣ መጋረጃውም በሁለት ሰው እጅ መጎተቱን እንደ ጉድለት አንቈጥርባቸውም። የምንነቅፈው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ የታየው የአቶ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ነበር። ድርሰቱ በ1950ዎቹ የተጻፈ ኮሜዲ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ጎረምሶች ሚስት የማግኛው ዘዴ ቢጠፋባቸው ወደ ጥንቱ ልማድ ተመልሰው ልጃገረድ ለመጥለፍ መምከራቸው ነው። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ የሆኑት ደራሲ በቤተ ክህነት ቅኔ፣ በለንደን ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ ሰው እንደ መሆናቸው ሁለቱንም ወገን አብጠርጥረው ያውቃሉ። የሚያላግጡትም በባላገሩ ላይ ሳይሆን መጽሐፉን አንብቦ ጠባዩ ግን ባለበት በቀረው በተማረው ሰው ላይ ነው። ይህን የሳተ አዘጋጅ ድርሰቱን ገልብጦ ይዞታል ማለት ነው።

ቡድኑ የምክክሩን ክፍል አሳምሮ ተጫውቶታል። ተዋንያኑ ሳይቸኩሉ ቃሉን እያጣጣሙ ስለ ተናገሩት፣ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እንባቸው እስኪመጣ ሥቀዋል። ጠለፋው ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። አዘጋጁ የልጅቱን ጩኸትና መፈራገጥ ከቀልዱ ሁሉ ትልቁ ቀልድ አደረገው። አንዱ ጎረምሳ እንደ ጤፍ ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኗት መድረኩን ሦስት ጊዜ ሲዞር አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከአጠገባችን የነበሩ ሁለት ሴቶች አልሣቁም፤ አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ኮሜዲ ለመሣቂያ ነው እንጂ ለስብከት አይደለም የሚለን ይኖራል። እኛም ስብከት አላማረንም። ነገር ግን ሣቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ መምረጥ የአዘጋጁ ሥራ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችውና ጋብቻው ከጸና ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ድርሰቱ የተጻፈው ይህ ሕግ ሲሠራበት ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ዘግቶ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሕጉ ይህን ያህል መንገድ ከሄደ በኋላ የእኛ መድረክ የተጠላፊዋን ጩኸት ለማሣቂያ ሲያውለው፣ ደራሲው ከስድሳ ዓመት በፊት ከደረሱበት እንኳ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቴአትሩ አይታይ አንልም፤ እንዲያውም ደጋግሞ ሊታይ የሚገባው ነው። ልጅቱ ስትጮኽ ጎረምሶቹ ደንግጠው እርስ በርሳቸው ቢተያዩ ኖሮ፣ ያ ሁሉ የምክር ቤት ፍልስፍናቸው ምን ያህል ባዶ እንደ ነበር ሌላ ቃል ሳይጨመርበት በታየ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ከሼክስፒር «ኦቴሎ» በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የመጨረሻው ገቢር ብቻ ቀረበ። እዚህም ዴዝዴሞና አልጋዋ ላይ ታፍና ስትሞት ከኋላ ረድፍ ሣቅ ተሰማ። ተመልካቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። የጸጋዬ አማርኛ ከባድ ነው፤ ትንፋሽ ይጠይቃል። ኦቴሎ የሆነው ወጣት ግን ከመጀመሪያው ቃል አንሥቶ በሙሉ ጉሮሮው ስለ ጮኸ፣ ግድያው ሲደርስ የተረፈው ድምፅ አልነበረም፤ ስለዚህ ዓይኑን ማጉረጥረጥ ጀመረ። ዓይን ሲጉረጠረጥ ማን አይሥቅም?

አዳራሹን ያዳነችው ኤሚልያ ሆና የተጫወተችው ልጅ ናት። የባሏን ተንኮል ስታጋልጥ ሌሎቹ እንዳደረጉት አልጮኸችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን ከአልጋው ጠርዝ ሳታነሣ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ምስክር ተናገረች። ከኋላ ሲሥቁ የነበሩት ዝም አሉ። ከበላያችን አውሮፕላን ሲያልፍም ጠብቃ፣ ድምፁ ሲርቅ ቀጠለች። ይህን ማንም ያስተማራት አይመስለንም።

ስለ ሣቅ ካነሣን፣ ከዚህ አስቀድሞ ያየነውን የበረከት በላይነህን «እያዩ ፈንገስ» ሳንጠቅስ አናልፍም። ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው ይህ ቴአትር የሚጀምረው በአንድ እብድ ላይ እንድንሥቅ አድርጎ ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን የምንሥቀው በራሳችን ላይ መሆኑን እናውቃለን፤ ያን ጊዜ አፋችንን መዝጋትም ይቸግረናል። አንዳንዱ ቦታ የዕለቱን ወሬ ከሚገባው በላይ ያባብላል እንላለን። ሆኖም ሣቁ አቅጣጫውን ሲለውጥ ተዋናዩ ያውቀዋል፤ የሠፈራችን ቡድን የጎደለው ይኸው ዕውቀት ነው።

ቡድኑ ቀጥሎ የአቶ መንግሥቱን «ያላቻ ጋብቻ» ለማሳየት ልምምድ መጀመሩን ሰምተናል። በዚያም ድርሰት የተማረው ወጣት የሚወዳት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ኤሚልያን የተጫወተችው ልጅ ያን ቦታ ብትይዝ እንወዳለን።