ያለ ፀሐይ መጠየም

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ተመራማሪዋ ኢቫ ዊትገንስታይን በዘር የሚተላለፍ የግላይኮጅን ክምችት ሕመም ላለባቸው ሕፃናት ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የተባለ ስኳር ታጠጣ ነበር። ሕፃናቱ አንዳንዴ ይተፉታል። ትፋቱ የነካው ቆዳ ከሰዓታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፤ ልብሳቸው ግን እንደነበረ ነው። በራሷ ቆዳ ላይ ቀብታ ብትሞክረው ያው ሆነ። በ1960 ኮፐርቶን የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ስኳር ጨምሮ መቀቢያ ለገበያ አቀረበ፤ ብርቱካንማ የሚያደርግ ነው እየተባለም ታማ።

ስኳሩ እንደ ቀለም አይለቀለቅም። የሞተው የላይኛው ቆዳ ውስጥ ካሉ አሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል፤ ቡና ሲቆላ ከሚያጠቁሩት ለውጦች አንዱም የዚሁ ዘመድ ነው። ሜላኒን በነገሩ የለበትም። ቆዳው በየዕለቱ ስለሚረግፍ መልኩ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ይለቃል።

ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ይህን ስኳር በፈሳሽ መልክ ደንበኞች ላይ የምትረጭ ባለሙያ ዋና ሥራዋ የሞተ ቆዳ የት እንደተከማቸ ማወቅ ነው። ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቆዳው ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ስኳሩን ይጠጣል፤ ዝም ብለው ከረጩበት ጭቃ የነካው ይመስላል። እዚያ ላይ ቀድማ ሎሽን በስሱ ትቀባለች። መዳፍና ጥፍር ላይ ወፈር ያለ ክሬም ታደርጋለች፤ በተለይ የመዳፍ መስመሮች ከጠቆሩ ለቀናት ያጋልጣሉ። ደንበኛዋ ነጣ ያለ ቅንድብ ካላት ቫዝሊን ጣል ይደረግበታል፤ ፀጉርም ፕሮቲን ነውና። እጅ ላይ ደግሞ ጣቶቿን እንደ ንስር ጥፍር ቆልመም አድርጋ እንድትይዝ ታደርጋትና ከርቀት አንዴ ብቻ ትረጫለች። ጀማሪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ፊትና ጀርባማ ማንም ይረጫል።

ፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረው ጊዜያዊ ቀለም የተረጨውን ቦታ ለማሳየት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሻወር ላይ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ግን አዲስ ደንበኛ ገንዘቧ አብሮ የፈሰሰ ይመስላትና ስልክ ትደውላለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠይም ፊቷን ለማንጣት ክሬም የምትገዛ ሴት ይህን ብትሰማ ትስቅ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ብዙ ማንጫዎች ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮኪኖን የሚሠራው ሕይወት ያላቸው የቆዳ ሕዋሳት ሜላኒን እንዳያመርቱ በማፈን ነው፤ የርጭቱ ስኳር በአመዛኙ ከሞተው ሽፋን አያልፍም። እንዲያም ሆኖ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ከውጭ ለመቀባት ብቻ ነው፤ ዓይንና ከንፈር መነካት፣ ጉሙም መተንፈስ የለበትም። የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ለደንበኛ የማያቀርብ ሳሎን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ቢታለፍ ይሻላል።

ጠይሞ የታየ ቆዳ ፀሐይን የሚመክት መስሏቸው በማግስቱ ባሕር ዳርቻ የሚዘረጉም አሉ። ያ ቡናማ መልክ ከፀሐይ የሚከላከለው ከምንም በማይቆጠር መጠን ነውና፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ደንበኛዋን ስትሸኝ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንድትቀባ ሳትነግራት አትለቃትም።